ቀጥ ያለ ጣውላ እንዴት የመርከብ ሆድ ይሆናል?

ቤቴ የመጣ እንግዳ ሁሉ መደርደሪያው ላይ ያለችውን በእጄ የሠራኋትን ትንሽ የእንጨት መርከብ (ሞዴል) ሲያይ መጀመሪያ የሚጠይቀኝ አንድ ነው። «ከአንድ ግንድ ጠርበህ ነው?» ይለኛል። አይ፣ ከብዙ ስስ ጣውላ ነው ስለው ደግሞ «ታዲያ እንጨቱን እንዴት አጠፍከው?» ይላል።

ብዙ ሰው የእንጨት መርከብ ሆድ እንዲያ የሚሞላው እንጨቱ በኃይል ታጥፎ ይመስለዋል። እኔም የመጀመሪያዬን ስጀምር እንዲያ ነበር የመሰለኝ። ማጠፉ ግን ከሥራው ሁሉ ቀላሉ ነው። ዋናው ነገር እያንዳንዱ ጣውላ ከመለጠፉ በፊት ተለክቶ ጫፉ ላይ እንዲጠብ መደረጉ ነው። ይህን የተረዳ ሰው ቀሪውን በትዕግሥት ይወጣዋል። ያልተረዳ ግን አሥረኛው ጣውላ ላይ ሲደርስ እንጨቱ እምቢ ይለዋል። ለምን እምቢ እንዳለውም አይገባውም። ስለዚህ ከመጀመሪያው ልጀምር።

ቀፎ የምንለው የቱን ነው?

ከመርከብ ላይ ሸራውን፣ ምሰሶውን፣ ገመዱንና መድፉን ብናነሳ የሚቀረው ጎድጓዳ አካል ነው። ውሃ ላይ የሚቀመጠው እሱ ነው። በዚህ ጽሑፍ ቀፎ እለዋለሁ።

ጣና ላይ ያለውን የደንገል ታንኳ አስቡ። ታንኳው የሚንሳፈፈው ደንገሉ ራሱ ቀላል ስለሆነ ነው። በመሃሉ ውሃ ቢገባም ወዲያው አይሰምጥም። ውሃ እየጠጣ ሲከብድ ወደ ዳር ይወጣና ይደርቃል። የጣውላ መርከብ ግን ሌላ ነው። እንጨቱ፣ ብረቱ፣ መድፉና ጭነቱ ሲደመር እጅግ ከባድ ነው። የሚያንሳፍፈው ውስጡ ያለው ባዶ ቦታ ነው። የብረት ድስት ውሃ ላይ ሲያስቀምጡት እንደሚንሳፈፍ ማለት ነው። ድስቱ ከተበሳ አለቀለት።

ቀፎ ውሃ እንዳያስገባ ብቻ ሳይሆን ውሃውን ሰንጥቆ እንዲሄድም ይፈለጋል። ቅርጹን አስቸጋሪ ያደረገው ይህ ነው። አፍንጫው ላይ ሁለቱ ጎኖች ይገናኛሉ። መሃሉ ሆድ አለው። ወደ ኋላ ሲሄድ ከታች በኩል እየቀጠነ ይመጣል፣ ውሃው ሳይታወክ ወደ መሪው እንዲደርስ። ጎኑ ላይ እጃችሁን ብታስኬዱ ፍጹም ጠፍጣፋ የሆነ ቦታ ማግኘት ይቸግራል።

ከግንድ ጠርቦ ማውጣት አይሻልም?

ይቻላል። ብዙ ሰውም የሚጀምረው በዚያ ነው። ወፍራም እንጨት በመሮና በመላጊያ ይጠረባል፣ ቅርጹ እስኪመጣ ይሞረዳል። ችግሩ ወፍራም እንጨት ሲደርቅ ይሰነጠቃል። ከአንዱ ወገን ትንሽ ካበዛችሁም መመለሻ የለውም።

ሁለተኛው መንገድ ሳንቃ መደራረብ ነው። ቀፎውን በአግድም እንደተቆራረጠ ድፎ ዳቦ አስቡት። እያንዳንዱ ንብርብር በራሱ ቅርጽ ከሳንቃ ይቆረጥና በኮላ ይደራረባል። ጎኑ መጀመሪያ ደረጃ ደረጃ ሆኖ ይወጣል። ደረጃው ተሞርዶ ሲጠፋ ቀፎው ይገኛል።

ይህን መንገድ የልጅ ጨዋታ አድርጋችሁ እንዳታዩት። በ19ኛው ክፍለ ዘመን አሜሪካ ውስጥ ብዙ መርከብ ሠሪዎች እውነተኛውን መርከብ የሚነድፉት በዚህ ነበር። መጀመሪያ የመርከቡን አንድ ጎን ብቻ ከተደራረበ ሳንቃ ይቀርጻሉ። ቅርጹ ለዓይናቸውም ለእጃቸውም ሲጥማቸው ንብርብሩን ይፈቱታል። የየሳንቃውን ጠርዝ ይለኩና አባዝተው ሰፊ ወለል ላይ ይሥሉታል። እውነተኛው እንጨት የሚቆረጠው በዚያ ሥዕል ነው። ሞዴሉ ከመርከቡ ይቀድም ነበር ማለት ነው። እኔን ወደዚህ ሥራ የሳበኝ አንዱ ነገር ይህ ነው። ትንሿ ነገር የትልቁ መታሰቢያ ብቻ አልነበረችም፣ እናቱ ነበረች።

ሦስተኛው መንገድ አጥንት ሠርቶ ቆዳ ማልበስ ነው። ከመሃል አንድ አከርካሪ ይቆማል። በላዩ ጎድኖች ይሰካሉ። በጎድኖቹ ላይ ስስ ጣውላ ጎን ለጎን ይለብሳል። ጊዜ ይፈጃል፣ ግን ከእውነተኛው የመርከብ አሠራር ጋር ይቀራረባል። እዚህ የማስረዳው ይህን ነው። የእንግሊዝ ባሕር ኃይል የቆዩ ሞዴሎች፣ በተለይ የ17ኛውና የ18ኛው ክፍለ ዘመን ሥራዎች፣ ለንደን ውስጥ ግሪኒች በሚገኘው ሙዚየም ስብስብ ውስጥ አሉ። ብዙዎቹ የታችኛው ጎናቸው ሆን ተብሎ ጣውላ አልለበሰም። ጎድናቸው አንድ በአንድ ይቆጠራል።

ልኬቱ እንዴት ይሰላል?

አንድ እውነተኛ መርከብ እንያዝ። ቫሳ የምትባለው የስዊድን የጦር መርከብ በንጉሥ ጉስታቭ አዶልፍ ትእዛዝ ስቶክሆልም ውስጥ ተሠራች። 64 መድፍ ተጭኖባት በነሐሴ 10 ቀን 1628 በአውሮፓውያን አቆጣጠር የመጀመሪያ ጉዞዋን ጀመረች። 1,300 ሜትር ያህል ሄዳ ነፋስ ሲያጋድላት ውሃ በተከፈቱት የመድፍ መስኮቶች ገባና ሰመጠች። ከላይ በጣም ከብዳ ነበር። ከ333 ዓመት በኋላ፣ በ1961፣ ከባሕሩ ወለል ተነሳች። እንጨቷ በብርዱና ጨው ባነሰበት ውሃ ውስጥ ሳይበላ ስለቆየ ዛሬ ሙዚየም ውስጥ ቆማ ትታያለች። ለሞዴል ሠሪ ከዚህ የበለጠ ሀብት የለም። መርከቧ ራሷ አለች፣ ትለካለች።

ሞዴሏን በ1 ለ75 ልክ እንሥራት እንበል። 1 ለ75 ሲባል፣ በእውነተኛዋ ላይ 75 ሴንቲ ሜትር የሆነ ነገር በሞዴሉ ላይ 1 ሴንቲ ሜትር ይሆናል። ቫሳ ከፊቷ ከሚወጣው ግንድ ጋር 69 ሜትር ናት። ለ75 ሲካፈል 92 ሴንቲ ሜትር። ወርዷ 11.7 ሜትር ነው፣ ይህ 15.6 ሴንቲ ሜትር ይሆናል። ከታች እስከ ምሰሶዋ ጫፍ 52.5 ሜትር ነው፣ 70 ሴንቲ ሜትር ይመጣል። 1.65 ሜትር ቁመት ያለው መርከበኛ 22 ሚሊ ሜትር ይሆናል። የአውራ ጣት የላይኛው አንጓ አያክልም። ከመጀመራችሁ በፊት ይህን ስሌት ሥሩና ቤታችሁ ውስጥ የምታስቀምጡበትን ቦታ ለኩ። ምሰሶና ሸራ ሲጨመር መርከብ ሰፊ ቦታ ትወስዳለች።

ክብደት ግን በሌላ ሒሳብ ነው የሚሄደው። ርዝመት 75 ጊዜ ሲያንስ ይዘት 75 በ75 በ75 ጊዜ ያንሳል። ይህ 421,875 ጊዜ ነው። ቫሳ ከነጭነቷ 1,210 ቶን ገደማ ትመዝን ነበር። ለዚህች ሞዴል ሲሰላ 2.9 ኪሎ ይመጣል። «ውሃ ላይ ብናስቀምጣት ትንሳፈፋለች?» ለሚለው ጥያቄ መልሱ እዚህ ውስጥ አለ። በትክክለኛው መስመር እንድትቀመጥ ጠቅላላ ክብደቷ ወደ 2.9 ኪሎ መጠጋት አለበት፣ አብዛኛውም ከታች መሆን አለበት። ለጠረጴዛ የሚሠራ ሞዴል ለዚያ አይታሰብም። ቫሳን በትክክል ቀንሳችሁ ውሃ ላይ ብትለቋት ደግሞ እንደ ትልቋ ማጋደሏ አይቀርም።

ፕላኑ ላይ ግማሽ መርከብ ብቻ ለምን ይታያል?

የመርከብ ፕላን ሦስት ሥዕል አለው። አንዱ ከጎን፣ አንዱ ከላይ፣ አንዱ ከፊት ለፊት። አዲስ ሰው የሚደናገረው በሦስተኛው ነው። ብዙ የተጠማዘዘ መስመር ተደራርቦ ሽንኩርት ለሁለት የተቆረጠ ይመስላል።

ዳቦውን አሁን በአግድም ሳይሆን እንደ ቁርስ ዳቦ በቁመት ቁረጡት። እያንዳንዱ ቁራጭ አንድ ጎድን ነው። ሥዕሉ ቁራጮቹን ሁሉ አንዱን በአንዱ ላይ አድርጎ ያሳያል። መርከብ ግራና ቀኙ እኩል ስለሆነ ሙሉውን መሣል አያስፈልግም። ስለዚህ በቀኝ በኩል ከመሃል እስከ አፍንጫ ያሉት ጎድኖች ግማሽ ይሣላል። በግራ በኩል ከመሃል እስከ ኋላ ያሉት ግማሽ ይሣላል። እናንተ ግማሹን በስስ ወረቀት ትገለብጡና አጥፋችሁ ሙሉ ታደርጉታላችሁ። ወረቀቱን አጥፎ መቁረጡ ግራና ቀኙን እኩል ያደርግላችኋል።

እኩል መሆን ቀላል ይመስላል። ቫሳ ስትጠና ግራና ቀኟ እኩል አልተገኘም። ከውስጧ የአናጢዎች ማስመሪያዎች ተገኝተዋል። አንዳንዶቹ የተከፋፈሉት በ12 ኢንቹ የስዊድን ጫማ ነው፣ ሌሎቹ በ11 ኢንቹ የአምስተርዳም ጫማ። አናጢዎቹ አንዷን መርከብ በሁለት ልኬት ይሠሩ ነበር ማለት ነው። ሞዴል ስትሠሩ አንድ ማስመሪያ ያዙ፣ እስከ መጨረሻው በእሱ ለኩ። የሱቅ ማስመሪያ ሁሉ እኩል ነው ብላችሁ አትመኑ። ሁለት አጋጥማችሁ እዩ።

አጥንቱ እንዴት ይቆማል?

አከርካሪው ከ5 ሚሊ ሜትር ኮምፔርሳቶ ይቆረጣል። ከጎን ሲታይ የመርከቡን ቅርጽ ይዞ፣ በላዩ ጎድን የሚገባበት ስንጥቅ ተደርጎለት። ጎድኖቹም ከዚያው ኮምፔርሳቶ ይቆረጣሉ። ስንጥቅ ለስንጥቅ ይጋባሉ፣ እንደ እንቁላል ካርቶን መከፋፈያ።

እዚህ ላይ የራሴን ልንገራችሁ። የመጀመሪያዬን አከርካሪ የቆረጥኩት ክረምቱን ሙሉ ግድግዳ ላይ ተደግፎ ከቆየ ኮምፔርሳቶ ነው። እርጥበት ይዞት ትንሽ ጎብጦ ነበር። ጎድኖቹ ሲገቡ ይስተካከላል ብዬ ቀጠልኩ። አልተስተካከለም። ጣውላ አልብሼ ግማሽ ስደርስ ከፊት ሆኜ ሳያት አፍንጫዋ ወደ ግራ ዞሮ ያየኛል። ሦስት ሚሊ ሜትር አይሆንም። ሦስት ሚሊ ሜትር ግን በ1 ለ75 ከ22 ሴንቲ ሜትር በላይ ነው። ያን ሁሉ ሥራ ጣልኩት።

ስለዚህ ኮምፔርሳቶውን መስታወት ላይ አጋድሙት። መስታወት አይዋሽም። ከሥሩ ብርሃን ካያችሁ ሌላ ፈልጉ። ጎድኖቹን ስትለጥፉ ስኳድራ አስጠግታችሁ ቀጥ ማለታቸውን እዩ። ኮላው ሳይደርቅ ከአፍንጫ እስከ ኋላ ክር ወጥሩ። ክሩ በየጎድኑ መሃል ላይ ካለፈ ደህና ነው። ካላለፈ ያኔውኑ አስተካክሉ፣ ነገ አይቻልም።

ቀጥሎ ሰው የሚዘለው ሥራ ይመጣል። ጎድኑ ሲቆረጥ ጠርዙ ቀጥ ብሎ ነው የሚቆረጠው። ጣውላው ግን አፍንጫው አካባቢ በሰያፍ ነው የሚያልፍበት። ስለዚህ ጣውላው የሚነካው የጎድኑን አንድ ሹል ጥግ ብቻ ይሆናል። ያ ጥግ በሞረድና በብርጭቆ ወረቀት ተስሎ ጠርዙ በሙሉ ጣውላውን እንዲቀበል መደረግ አለበት። መፈተሻው ቀላል ነው። አንድ ስስ ዘንግ ጎድኖቹ ላይ ከዳር እስከ ዳር አስተኙ። በየጎድኑ ልጥፍ ካለ ጨርሳችኋል። አንዱን ዘሎ ካለፈ ያ ጎድን አንሷል፣ ላዩ ላይ ስስ እንጨት ይለጠፍበታል። አንዱ ላይ ከጎበጠ በዝቷል፣ ይሞረዳል። በዘንጉ ላይ የታየ ጉብታ በጣውላውም ላይ ይታያል። በኋላ ቀለም አይሸፍነውም።

ጣውላው ጎድኖቹን እንዴት ይሞላል?

አንድ ሙከራ አድርጉ። ሰፊ ጎድጓዳ ሳህን ገልብጡና እንጀራ አልብሱት። መሃሉ ልጥፍ ብሎ ይተኛል። ጠርዙ ጋ ሲደርስ ግን እንጀራው ይጨማደዳል። ሳህኑ ወደ ታች ሲጎብጥ ለዚያ ሁሉ እንጀራ የሚበቃ ቦታ የለውም።

ቀፎም እንዲሁ ነው። መሃሉ ላይ ከመርከቡ የላይኛው ወለል (ሰው ከሚራመድበት) ጠርዝ እስከ አከርካሪው ያለው ጎን ሰፊ ነው። አፍንጫው ጋ ያንሳል። መሃል ላይ 32 ጣውላ ጎን ለጎን የሚተኛበት ጎን አፍንጫው ጋ 20 ብቻ ነው የሚይዘው። የቀሩት 12 የት ይሂዱ? ጀማሪ እየገፋ ያስገባቸዋል። ጣውላው ወደ ላይ ይቆለመማል፣ ጠርዙ ይነሳል፣ አንዱ በአንዱ ላይ ይወጣል።

ይህን ያስረዱኝ መርከብ ሠርተው የማያውቁ ሰው ናቸው። የሰፈራችን ልብስ ሰፊ ቤቴ ቡና ሊጠጡ መጥተው የተቆለመሙትን ጣውላዎቼን አዩ። ጣታቸውን አስኬዱበት። «ልጄ፣ ቀሚስ ወገቡ ላይ እንዲጠብ ስፈልግ ጨርቁን ጨምቄው አይደለም። ልክ ወስጄ፣ ትርፉን አስገብቼ ነው የምሰፋው» አሉኝ። «አንተ ልክ ሳትወስድ ነው የሰፋኸው።» ያን ማታ የለጠፍኩትን ሁሉ በሙቅ ውሃ አላቅቄ እንደገና ጀመርኩ።

ልኩ የሚወሰደው በወረቀት ነው። ቀጭን የወረቀት ቁራጭ መሃለኛው ጎድን ላይ፣ ከወለሉ ጠርዝ እስከ አከርካሪው ታስተኛላችሁ። ጫፉ ላይ በእርሳስ ምልክት ታደርጋላችሁ። ሲዘረጋ 160 ሚሊ ሜትር ሆነ እንበል። ጣውላችሁ 5 ሚሊ ሜትር ስፋት ካለው 32 ያስፈልጋል። በሌላ ወረቀት የአፍንጫውን ጎድን ለኩ። 100 ሚሊ ሜትር ሆነ እንበል። 100 ለ32 ሲካፈል 3.1 ነው። ስለዚህ ያው ጣውላ መሃል ላይ 5፣ አፍንጫው ጋ 3.1 ሚሊ ሜትር መሆን አለበት። በመካከል ያሉት ጎድኖችም በየተራ እንዲሁ ይለካሉ።

3.1 ሚሊ ሜትርን 32 ጊዜ በማስመሪያ ማመልከት ግን ስህተት ያጠራቅማል። ለዚህ ግሩም ዘዴ አለ። ሰፊ ወረቀት ላይ ከአንድ ነጥብ ተነስተው እየተራራቁ የሚሄዱ 33 መስመሮች ይሠመራሉ፣ እንደ ተዘረጋ ማራገቢያ። በመካከላቸው 32 እኩል ክፍተት አለ። የለካችሁበትን ወረቀት በመስመሮቹ ላይ አጋድማችሁ ወደ ጠባቡ ወይም ወደ ሰፊው ታንቀሳቅሱታላችሁ። ሁለቱ ጫፎቹ ከዳርና ከዳር መስመር ጋር ሲገጥሙ ታቆማላችሁ። መስመሮቹ የሚያልፉበትን ሁሉ ወረቀቱ ላይ ምልክት ታደርጋላችሁ። ያለ ማካፈል እኩል 32 ቦታ ተከፈለላችሁ። ወረቀቱን ወደ ጎድኑ መልሳችሁ ምልክቱን እንጨቱ ላይ ታስተላልፋላችሁ። ሁሉም ጎድን ምልክት ሲይዝ እያንዳንዱ ጣውላ የሚያልፍበት መንገድ ከፊታችሁ ተሥሎ ታዩታላችሁ። በዚህ ሥራ ውስጥ ከሁሉ የሚያስደስተኝ ሰዓት ይህ ነው።

ጣውላው በምልክቱ ልክ በመላጊያ ወይም በምላጭ ይጠባል። አንድ ገደብ ብቻ አለ። ከስፋቱ ከግማሽ በታች መጥበብ የለበትም። 5 ሚሊ ሜትሩ 2 ከሆነ ጫፉ ምስማርም ኮላም አይችልም፣ ይሰነጠቃል። እዚያ ከተደረሰ ሁለቱ ጣውላዎች አፍንጫው ሳይደርሱ ይቆማሉ። በምትካቸው አንድ ሰፊ ጣውላ ይቀጥላል። ኋላው ላይ አንዳንዴ የተገላቢጦሽ ይሆናል። ጎኑ ከመሃሉ ይበልጥ ይሰፋና ጣውላዎቹ ክፍት ይተዋሉ። እዚያ ሹል ቁራጭ ይገባል፣ ልክ ልብስ ሰፊ ቀሚስ ሲያሰፋ ከታች ቁራጭ ጨርቅ እንደሚጨምረው።

እንጨቱስ እንዴት ይታጠፋል?

የፕላስቲክ ማስመሪያ ያዙ። በጠፍጣፋው በኩል ሲያጥፉት እሺ ይላል። በጠርዙ በኩል ንቅንቅ አይልም። 1.5 ሚሊ ሜትር ውፍረትና 5 ሚሊ ሜትር ስፋት ያለው ጣውላም በጠርዙ በኩል በጠፍጣፋው በኩል ካለው 11 እጥፍ ገደማ ይጠነክራል። ልኩን ያልወሰደ ሰው ሳያውቀው እንጨቱን በጠርዙ ሊያጥፍ ነው የሚታገለው። የተለካ ጣውላ ግን በጠፍጣፋው ብቻ ታጥፎ ቦታው ላይ ያርፋል።

እንጨት ውስጥ ክሮቹን አጣብቆ የያዘ ሊግኒን የሚባል ነገር አለ። ሲሞቅ ይለሰልሳል፣ ሲቀዘቅዝ መልሶ ይጠነክራል፣ እንደ ሰም። ውሃ ያግዛል፣ ሥራውን የሚሠራው ግን ሙቀት ነው። ጣውላውን ሃያ ደቂቃ ያህል ውሃ ውስጥ አቆዩት። ጠርሙስ ላይ ወይም ክብ እንጨት ላይ አስደግፋችሁ በካውያ ጫፍ ቀስ እያላችሁ ተከተሉት። እንፋሎት እየወጣ እንጨቱ ራሱ ሲተኛ ይሰማችኋል። አትቸኩሉ። ከዚያ ቀፎው ላይ በልብስ መቆንጠጫ ያዙትና ሳይለጠፍ ይደር። እርጥብ እንጨት ያበጠ ነው። እርጥቡን ከለጠፋችሁት ሲደርቅ ይቀንስና በመካከሉ ክፍተት ይተዋል።

የሚመረጠው እንጨት ክሩ ቀጥ ያለ፣ ቋጠሮ የሌለበት፣ ለምላጭ የሚታዘዝ ነው። እኔ የቤት ዕቃ ከሚሠሩ አናጢዎች ቁርጥራጭ እለምናለሁ። ሰውዬው ማሽኑ ላይ በስስ በስሱ ይሰነጥቅልኛል።

ከየት ይጀመራል?

ከላይ፣ ከወለሉ ጠርዝ። የመጀመሪያው ጣውላ ቀጥታ መስመሩን ከያዘ ሌሎቹ ይከተሉታል። አንድ በግራ ከለጠፋችሁ ቀጣዩን በቀኝ። በአንድ ወገን አምስት ስድስት ጣውላ ከደረደራችሁ አከርካሪውን ወደዚያ ይስበዋል። ከዚያ ከታች፣ አከርካሪው ሥር ያለው ጣውላ ይለጠፋል። ከላይና ከታች እየመጡ መሃል ላይ ይገናኛሉ።

የመጨረሻው ጣውላ የሚገባበት ቀዳዳ መቼም ቢሆን ቀጥ ያለ አይሆንም። ወረቀት ላዩ ላይ አድርጉና እርሳሱን አጋድማችሁ እሹት። የቀዳዳው ጠርዝ ወረቀቱ ላይ ይወጣል። በዚያ ቁረጡ፣ ግን ፀጉር ያህል አስፍታችሁ። እየላጋችሁ፣ እየሞከራችሁ፣ እየላጋችሁ አስገቡት። በመዶሻ አይመታም። አውራ ጣት ሲጫነው ጭብጥ ብሎ መግባት አለበት።

ክፍተትና ጉብታ ቢኖርስ?

ይኖራል። ለዚህ ነው ብዙ ሰው ሁለት ሽፋን የሚያለብሰው። የመጀመሪያው ወፈር ያለው ቅርጽ ይሰጣል። ክፍተቱ በስቱኮ ተሞልቶ፣ ጉብታው በብርጭቆ ወረቀት ተስተካክሎ ይጠፋል። ብርጭቆ ወረቀቱን ጣት ላይ ሳይሆን ረዘም ያለ ለስላሳ እንጨት ላይ ጠቅልሉት፣ አለዚያ ጎድጓዳ ታወጣላችሁ። አፍና አፍንጫችሁን ሸፍኑ። የእንጨት ብናኝ በብዛት ሲተነፈስ ካንሰር እንደሚያመጣ የታወቀ ነው፣ «አቧራ ነው» ተብሎ አይታለፍም።

ሁለተኛው ሽፋን ግማሽ ወይም አንድ ሚሊ ሜትር ብቻ ነው። የሚታየው እሱ ነው፣ የእውነተኛው መርከብ ዝርዝርም እሱ ላይ ይሠራል። እውነተኛው መርከብ ከአፍንጫ እስከ ኋላ የሚደርስ አንድ ጣውላ አልነበረውም። አጫጭር ጣውላዎች ጫፍ ለጫፍ ይገጥሙ ነበር። መጋጠሚያዎቹ ግን አንዱ በአንዱ ሥር አይውሉም፣ ግንበኛ ብሎኬት ሲደረድር መገጣጠሚያውን እንደሚያፈራርቀው። ምክንያቱም ተመሳሳይ ነው። መጋጠሚያው አንድ መስመር ላይ ከሆነ እዚያ ይሰነጠቃል።

በጣውላዎቹ መካከል ደግሞ ውሃ እንዳይገባ የተፈታ የገመድ ጭረት ይጠቀጠቅና በላዩ ቅጥራን ይፈስበት ነበር። ኖኅ መርከቡን የለቀለቀው ያው ቅጥራን ማለት ነው። በሞዴል ላይ ያን ጥቁር መስመር ለማሳየት ቅጥራን አያስፈልግም። ጣውላው ከመለጠፉ በፊት አንዱን ጠርዙን በለስላሳ እርሳስ አንድ ጊዜ መሰመር ይበቃል። ሲለጠፍ በሁለቱ ጣውላ መካከል ፀጉር የሚያክል ጥቁር ክር ሆኖ ይቀራል። ጣውላውን ከጎድን ጋር የሚያያይዙት የእንጨት ችንካሮች ደግሞ ከቀርከሃ ይሠራሉ። ቀርከሃ በክሩ በኩል እንደፈለጉት ይሰነጠቃል። ብረት ላይ በተበሱ እየጠበቡ በሚሄዱ ቀዳዳዎች ሲጎተት ግማሽ ሚሊ ሜትር ውፍረት ድረስ ይቀጥናል።

ማለቁን የምታውቁት በዓይን አይደለም። መብራቱን አጥፉ ወይም ዓይናችሁን ጨፍኑ። መዳፋችሁን ከአፍንጫው እስከ ኋላ ቀስ ብላችሁ አስኬዱ፣ በግራም በቀኝም። ዓይን ያላየውን ጉብታ መዳፍ ያገኘዋል። ባገኛችሁበት ቦታ በእርሳስ ክብ አድርጉ፣ ብርጭቆ ወረቀቱን አንሱ፣ እንደገና ዳስሱ። እርሳሱ የሚያከብበት ቦታ ሲያጣ ቀፎው አልቋል። ምሰሶው ሊተከል ይችላል።